በሬው ከመሸጡ በፊት፤ የውጭ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዴት ይገኛል?

አማኑኤል፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አማኑኤል ከተማ የማቻከል ወረዳ መቀመጫ ናት። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ድንች ይመረታል። ከምርቱ የሚገኘው ገንዘብ ከማዳበሪያ ዕዳና ከቤት ወጪ ሲተርፍ ብዙ ጊዜ መድረሻው የልጆች ትምህርት ነው። መጀመሪያ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ቀጥሎ በከተማ የሚከራይ ክፍል፣ ከዚያም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ። ልጁ ወይም ልጅቷ ተመርቀው ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወደ ቤት ይገባል፤ «ውጭ አገር ሄጄ ልማር» የሚል።

ጥያቄው ቅን ነው። መልሱ ግን አንዳንድ ጊዜ በማያውቁት ሰው ስልክ በኩል ይመጣል። ደላላ፣ ወይም ራሱን «የትምህርት አማካሪ» ብሎ የሚጠራ ሰው ይደውልና ዕድሉ እንደተገኘ፣ ለማስጨረሻ የሚሆን ገንዘብ ብቻ እንደቀረ ይናገራል። የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም በቴሌግራም ይልካል። ደብዳቤው ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ነጻ የትምህርት ዕድል አለመሆኑ።

የቅበላ ደብዳቤና ነጻ የትምህርት ዕድል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቅበላ ደብዳቤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ለመቀበል መፍቀዱን ብቻ ይገልጻል። ክፍያውን የሚከፍለው፣ ቤት የሚከራየውና ራሱን የሚቀልበው ተማሪው ነው። በርካታ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ከፋይ ተማሪ ስለሚፈልጉ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ለመስጠት ብዙ አይቸገሩም። ነጻ የትምህርት ዕድል ግን ወጪውን የሚሸፍነው አካል ማን እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚሸፍንና ለስንት ዓመት እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ደብዳቤው በእጅ ሲገባ መፈለግ ያለበት ይህ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅ ደብዳቤውን ለላኪው ሳይሆን ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር አሳይቶ «ከፋዩ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ጀርመንን መውሰድ ይቻላል። በአብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። «በጀርመን ትምህርት በነጻ ነው» የሚል ሰው እንግዲህ አልዋሸም። ይሁን እንጂ ከፋይ ተቋም የሌለው ቪዛ አመልካች ለአንድ ዓመት የሚኖርበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። የተለመደው መንገድ ገንዘቡን አስቀድሞ በዝግ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ነው። መጠኑም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11 ሺህ 904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ ሆኗል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ጥንድ በሬ ተሸጦ የሚሞላ አይደለም።

ሙሉ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርኃዊ የኪስ ገንዘብንና የጤና መድንን ይሸፍናል። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ ግን ሰጪዎቹ ይለያያሉ፤ ቤተሰብ በድንገት የሚደነግጠውም በዚሁ ነው። የቱርክ መንግሥት ዕድል የደርሶ መልስ ቲኬትና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርት ይጨምራል፤ ለማመልከትም ክፍያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የሃንጋሪ መንግሥት ዕድል የትምህርት ክፍያውንና ወርኃዊ ድጎማውን ቢችልም የጉዞ ወጪው የተማሪው ነው። የቻይና መንግሥት ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር 2 ሺህ 500፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 3 ሺህ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ 3 ሺህ 500 ዩዋን ይሰጣል። ቲኬቱ ተማሪው በገባበት መርሐ ግብር ይወሰናል።

የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለው የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አሠራሩ ለየት ይላል። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራል፤ በወር 1 ሺህ 400 ዩሮ ይከፈለዋል። ቲኬቱንም የቤት ኪራዩንም ከዚሁ ያወጣል። ገንዘቡ ብዙ ይመስላል፤ የአውሮፓ ከተሞችን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ግን ብዙ ነው አይልም።

በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በቀበሌ ተመድበው የሚሠሩ ባለዲግሪ ባለሙያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት በር አለ። የጀርመኑ የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ በአህጽሮት ዳድ፣ ከልማት ጋር ለተያያዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች የሚሰጠው ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪው ከተያዘም በአጠቃላይ ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ቺቭኒንግ የተባለው የብሪታኒያ መንግሥት ዕድልም የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። በገጠር ያሳለፈው ጊዜ እንደባከነ የሚቆጥር ወጣት ባለሙያ ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ ዕድሎች ግን የሚፈለገው ያው ጊዜ ነው። በጎጃም ደጋ አሲዳማ አፈርን በኖራ ለማከም ከአርሶ አደሩ ጋር የሠራ ባለሙያ፣ ማመልከቻው ላይ «ለምን መማር ትፈልጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ ከማንም የተሻለ መልስ አለው። በዲፕሎማ ለተመረቁት ግን በሩ ጠባብ ነው፤ ከእነዚህ ዕድሎች የሚበዙት የሚጠይቁት የመጀመሪያ ዲግሪን ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤትን ነው።

አውሮፓና እስያ ብቻም አይደሉም መዳረሻዎቹ። የአፍሪካ ኅብረት የሚያስተዳድረው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በካሜሩንና በአልጄሪያ ባሉት ተቋማቱ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ሙሉ ወጪ ይችላል፤ በናይጄሪያው ኢባዳን የሚገኘው ተቋም የሕይወትና የመሬት ሳይንሶች የሚሰጡበት በመሆኑ ለግብርና ምሩቃን ይቀርባል። ከአገር ሳይወጡም አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ነጻ የትምህርት ዕድልን ያስተባብራል፤ ትኩረቱም አካል ጉዳተኞችን ማካተት ነው።

አርሶ አደሩ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የወቅት ጉዳይ አለ። የቱርክ ማመልከቻ በቅርብ ዓመታት ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ሲከፈት ቆይቷል። የሃንጋሪው በጥር የመጀመሪያው አጋማሽ ይዘጋል። የኢራስመስ ሙንዱስ ትምህርቶች አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በኤምባሲ በኩል የሚቀርበው የቻይናም ከታኅሣሥ በኋላ ባሉት ወራት ይውላል። ይህ ጊዜ በማቻከልና በአካባቢው የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። ተመርቆ ቤት የተቀመጠው ልጅ አውድማ ላይ በሚውልበት ሰሞን የማመልከቻው ቀን ያልፋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅ ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ መዘጋጀት ያለበት በክረምት፣ ሰብሉ ገና በቡቃያ ላይ ሳለ ነው።

ወረቀት ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ስምና የልደት ቀን ነው። ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው በዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም የተወለደ ወጣት በ2018 ዓ.ም 20 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በልደት የምስክር ወረቀቱ ወይም በፓስፖርቱ ላይ 1998 የሚለው ቁጥር ሳይመነዘር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተጻፈ ግን በወረቀት ላይ 27 ወይም 28 ዓመት ይሆነዋል። ቱርክ ለመጀመሪያ ዲግሪ የምትቀበለው ከ21 ዓመት በታች የሆነውን ነው፤ ቻይና ከ25 ዓመት በታች። ወጣቱ ሳይወዳደር ይወድቃል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ»ን በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል፤ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የዲግሪ ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያና ፓስፖርት ላይ አራት ዓይነት ስም ይገኛል። ለአማርኛ አንባቢ አንድ ሰው ናት፤ ለውጭው ዩኒቨርሲቲ ግን አራት ሰዎች ናት። ይህን ማስተካከል የሚቀለው ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ነው።

ቀሪዎቹ ሰነዶች ከመምህራን የሚገኙ ሁለት ወይም ሦስት የምስክርነት ደብዳቤዎች፣ አመልካቹ ራሱ የሚጽፈው የፍላጎት መግለጫና የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ ናቸው። የፍላጎት መግለጫውን ደላላ ይጻፈው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንዱ ጽሑፍ ለብዙ ሰው ተቀድቶ ሲቀርብ መራጮቹ ይነቁበታል። አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ከ200 ዶላር በላይ ያስወጣል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ይህንኑ የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ በፈተናው ምትክ የሚቀበሉ ተቋማት ብዙ ናቸው። ለፈተናው ከመክፈል በፊት የሚማሩበት ተቋም ይህን ይቀበል እንደሆነ ማየት ገንዘብ ያድናል።

የወጪና የትምህርት ነገር ሲነሣ በዚህ አካባቢ የሚጠቀስ ሕይወት አለ። ከአማኑኤል በዚያው አውራ ጎዳና ደንበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደረሳል። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት እዚያ፣ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ነው። በእኩዮቻቸው ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ በተለመደበት ዘመን በትምህርት ጸኑ፤ በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ ሰብል ሲያወድም ማየታቸውንም በአደባባይ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመረቁ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በአሜሪካ ሞንታና፣ ሦስተኛውን እ.ኤ.አ. በ1989 በካንሳስ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት በሽታ ጥናት ያዙ። በኮሎምቢያ በመኖ ሣር በሽታዎች ላይ ለዓመታት ተመራምረው ወደ አፍሪካ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔን፣ መርተዋል፤ በ2014ም የሎሪያል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ይኸው ማዕከል በአማራ ክልል ወጣቶችን በዘመናዊ ንብ ማነብና በሐር ልማት ያደራጀ ፕሮጀክት አካሂዷል። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ የተማሩት ትምህርት ዞሮ ወደ ቀፎው ደርሷል ቢባል አያሳፍርም።

ታዲያ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ምንም አይወጣም ማለት ሐሰት ይሆናል። ፓስፖርት በክፍያ ነው። የቪዛ፣ የሕክምና ምርመራና የሰነድ ማረጋገጫ ክፍያ አለ። የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እየተረጋገጠ ይሄዳል፤ አንዳንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎችም የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ። ሁለት ነገሮችን ግን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ ክፍያው የሚገባው በተቋሙ ስም እንጂ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር አይደለም፤ ደረሰኝም አለው። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ዕድሎች በማመልከቻ ጊዜ የሚፈልጉት በስልክ ተነሥቶ የሚላክ ቅጂ ብቻ ነው። የማረጋገጥ ወጪ የሚመጣው ከተመረጡ በኋላ ስለሆነ፣ ሳይመረጡ አዲስ አበባ ተመላልሶ ማኅተም መሰብሰብ አያስፈልግም።

መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የሚሄድ ደግሞ ተመልሶ ለማገልገል ውል ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ዘመድ የፈረመውን ማንበብ አለበት። ተማሪው ባይመለስ ተጠያቂው እርሱ ነው።

ሌላው ወጪ ከወዲሁ የሚታወቅ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳውን እስኪከፍል ዋናው ዲግሪና ኦፊሴላዊ የውጤት መግለጫው አይሰጠውም፤ በእጁ ያለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ለማመልከት ጊዜያዊው ሊበቃ ይችላል፤ ተመርጦ ዋናውን ሲጠየቅ ግን ዕዳው መዘጋት አለበት። የዕዳው መጠን ተማሪው በየዓመቱ በፈረመው ውል ላይ ተጽፏል። ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቆ ማወቅና ከሰብል ሽያጭ በኋላ ማጠራቀም ይቻላል። ለደላላ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ካለ፣ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።