የኮሊሽ እርሳስ፦ የአንድ ቫዮሊኒስት ኖታዎች ለምን በቤተ መዛግብት ይቀመጣሉ?

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ብርቅዬ መጻሕፍቱንና የእጅ ጽሑፎቹን የሚያኖርበት፣ ሆውተን የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለው። እዚያ ከተቀመጡት ስብስቦች አንዱ የቫዮሊኒስቱ የሩዶልፍ ኮሊሽ ነው። የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ያዘጋጃቸው ጥናቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያጠናባቸውና ምልክት ያደረገባቸው ኖታዎች አሉበት። ከኖታዎቹ ብዙዎቹ ታትመው ለገበያ የወጡ ናቸው፤ ያው ሙዚቃ ዛሬም ንጹሕ ሆኖ ከመደብር ይገዛል። ታዲያ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በእርሳስ የተሞነጫጨረ አሮጌ ወረቀት ተቀብሎ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው እዚያው ሙንጭርጭሩ ውስጥ ነው። እሱን ለማንበብ ግን መጀመሪያ ሰውየውንም ሙዚቃውንም ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል።

ኮሊሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ኦስትሪያ ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ልጅ ሳለ የግራ እጁ መካከለኛ ጣት ተጎዳ። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ክሮቹን የሚጫነው በግራ እጁ ጣቶች ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ለብዙዎች የመንገዱ መጨረሻ ይሆን ነበር። እሱ ግን ሁሉንም ገልብጦ እንደገና ተማረ፤ ቫዮሊኑን በቀኝ እጁ ይዞ ደጋኑን በግራው ይስብ ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው እንዲያ ነው።

ቪየና ውስጥ የአርኖልድ ሾንበርግ ተማሪ ሆነ። ሾንበርግ የዘመኑን ሙዚቃ ከሥሩ የለወጠ ደራሲ ነው፤ አሥራ ሁለቱን ድምፆች እሱ ራሱ በወሰነው ቅደም ተከተል አሰልፎ ሙዚቃ የሚጽፍበትን ዘዴ ያመጣ ሰው ነው። በ1918 አዳዲስ ሥራዎች በሚገባ ተጠንተው የሚቀርቡበት ማኅበር አቋቋመ። እዚያ ማጨብጨብ ክልክል ነበር፤ የጋዜጣ ሐያሲ አይገባም። አንድ ሥራ ለአድማጭ የሚበቃው ተደጋግሞ ከተለማመዱት በኋላ ነው። ኮሊሽ የሙያውን ጥብቅነት የቀሰመው ከዚህ ቤት ነው። በ1924 ደግሞ እህቱ ገርትሩድ ሾንበርግን አገባችና መምህሩ አማቹ ሆነ።

ቻምበር ሙዚቃ የሚባለው በመጀመሪያ ለትንሽ ክፍል የተጻፈ ሙዚቃ ነው፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው የእልፍኝ ሙዚቃ ልንለው እንችላለን። ዋነኛ መልኩ ኳርቴት ነው፦ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ በትር የሚያወዛውዝ ዓይነት መሪ የለም። የት ላይ እንደሚተነፍሱ፣ ማን እንደሚጎላ፣ የትኛው ድምፅ ከሥር እንደሚሆን አራቱ ሰዎች እየተጫወቱና እየተከራከሩ ይወስናሉ። ክርክሩ ሲያልቅ ውሳኔው በእርሳስ ኖታው ላይ ይሰፍራል።

እንዲህ ዓይነት ገጽ ምን እንደሚመስል ጠጋ ብለን እንየው። ከአንዳንዱ ድምፅ በላይ ታቹ የተከፈተ ትንሽ ሳጥን ተስሏል፤ ደጋኑን ወደ ታች ሳብ ማለት ነው። ሌላው ላይ የላቲኑ ቪ አለ፤ ወደ ላይ ግፋ ማለት ነው። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ቁጥሮች በየትኛው ጣት እንደሚጫኑ ይናገራሉ። በሁለት ሐረጎች መካከል ያለችው ነጠላ ሰረዝ የትንፋሽ ቦታ ናት። አልፎ አልፎ መነጽር ተስሎ ይገኛል፤ እዚህ ጋ ቀና ብለህ ጓደኛህን እየው ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተፍቆ እንደገና የተጻፈ ቦታ ካለ ደግሞ፣ ሰዎቹ እዚያ ላይ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ያሳያል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን የተፋቀውን ቦታ ነው፤ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ማመንታቱንም ያሳየናልና።

ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ በታተመው ኖታ ላይ አይገኙም። ደራሲው የድምፁን ቁመትና ርዝመት፣ ፍጥነቱን፣ መጉላትና መለዘቡን ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የተጫዋቹ ነው። ይህ ለዜማ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ምልክቱ በድጓው ላይ ተጽፎ እያለ እንኳ ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ ካልሰማ ዜማው አይወጣለትም። የኮሊሽ ኖታዎች እንግዲህ የመምህሩ አፍ በከፊል ወረቀት ላይ የሰፈረባቸው ናቸው።

በከፊል ያልኩበት ምክንያት አለኝ። የኳርቴት ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ የሚያኖረው የራሱን ድምፅ ብቻ የያዘውን ወረቀት ነው፤ የቪዮላው ሰው የቪዮላውን፣ የቼሎው ሰው የቼሎውን። አራቱንም ድምፅ ከላይ እስከ ታች ደርድሮ የያዘው ስኮር የሚባለው ነው፤ ደራሲውና መሪው የሚጠቀሙበት እሱን ነው። በኮሊሽ ስም የሚጠራው የእሱ ኳርቴት በዚህ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ኮሊሽ፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ፌሊክስ ኩነር፣ በቪዮላ ዩጂን ሌነር፣ በቼሎ በናር ሃይፌትዝ ከስኮር እያጠኑ እያንዳንዳቸው የአራቱንም ድርሻ ያውቁ ነበር፤ መድረክ ላይም ያለ ኖታ በቃላቸው ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ ከሥራቸው ከፍ ያለው ክፍል በጭንቅላታቸው ተይዞ ሄዷል። ወረቀቱ ላይ የቀረው ያን ያህል የከበረውም ለዚህ ነው።

የተጫወቱትን ሥራ ስንመለከት ደግሞ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የኳርቴት ታሪክ ግማሹ በእነሱ እጅ ያለፈ ይመስላል። በ1927 የአልባን በርግን “ሊሪክ ስዊት” እና የሾንበርግን ሦስተኛ ኳርቴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው የኮሊሽ ኳርቴት ነው። በ1935 የቤላ ባርቶክን አምስተኛ ኳርቴት በዋሽንግተን፣ በ1937 የሾንበርግን አራተኛ በሎስ አንጀለስ፣ በ1938 የአንቶን ቬበርንን ኳርቴት በማሳቹሴትስ አስተዋወቀ። የባርቶክ ስድስተኛና የመጨረሻ ኳርቴት ለዚሁ ቡድን የተበረከተ ነው፤ በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ ተጫወተው። አንድ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ደራሲው ብዙ ጊዜ በሕይወት አለ፤ ተጫዋቹ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል፣ አንዳንድ ጊዜ ያርማል። ያ ጥያቄና መልስ የሚገኘው እነዚህ የመጀመሪያ ሰዎች በያዙት ኖታና ደብዳቤ ውስጥ ነው።

ከደብዳቤዎቹ አንዱ በሙዚቃ ተማሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። ኮሊሽ የሾንበርግን ሦስተኛ ኳርቴት ድምፅ በድምፅ መርምሮ፣ አሥራ ሁለቱ ድምፆች በምን ቅደም ተከተል እንደተሰለፉ ፈልቅቆ አወጣ። ብዙ የደከመበት ሥራ ነበር። ሾንበርግ በ1932 በሰጠው መልስ ድካሙን አደነቀለት፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቆጠራ ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራ ብቻ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም ብሎ አስጠነቀቀው። ጻፊው ያን ዘዴ ራሱ የፈጠረው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል! ደብዳቤው ባይቀመጥ ኖሮ ሾንበርግ ከምንም በላይ ለቆጠራ ይጨነቅ ነበር የሚለውን ሐሜት የሚመልስ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ማስረጃ ባልኖረንም ነበር።

በእጅ የተጻፈ ምልክት ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ግን ከበርግ “ሊሪክ ስዊት” ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ኖታው በ1927 ታትሞ ሲወጣ መታሰቢያነቱ ለሌላ ደራሲ፣ ለአሌክሳንደር ዜምሊንስኪ ነበር። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሁሉም ያወቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ በ1977 አሜሪካዊው ደራሲና ተመራማሪ ጆርጅ ፐርል አንድ የታተመ ቅጂ አገኘ፤ በርግ በገዛ እጁ በየገጹ በተለያየ ቀለም ማስታወሻ ሞልቶበታል። ቅጂው የተዘጋጀው ሃና ፉክስ ለምትባል፣ ፕራግ ለምትኖር ባለትዳር ሴት ነበር። በርግ በ1925 ፕራግ ሲሄድ እነሱ ቤት አርፎ ነበር፤ እዚያ ወደዳት። እሱም ባለትዳር ነበር።

ምስጢሩ ያለው ድምፆቹ ውስጥ ነው። በጀርመኖች አጠራር እኛ ላ የምንለው ድምፅ “ኤ” ነው፤ ዝቅ ያለው ሲ “ቤ”፣ ሙሉው ሲ “ሃ”፣ ፋ ደግሞ “ኤፍ” ይባላሉ። “ኤ” እና “ቤ” የአልባን በርግ ስም መጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ “ሃ” እና “ኤፍ” የሃና ፉክስ። እነዚህ አራት ድምፆች ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ያያይዙታል። በሁለተኛው ክፍል የሴትየዋ ልጆች አሉ፤ የትንሿ ልጅ የቤት ስም ዶዶ ነበርና እሷ በምትገባበት ቦታ ዶ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይመታል። የሐረጎቹ ርዝመትና የፍጥነቱ ቁጥር እንኳ በርግ የእኔ በሚለው በ23 እና ለእሷ በሰጣት በ10 የተለካ ነው። ያን ቅጂ ሃናን ተከትላ ልጅቷ ባታስቀምጠው ኖሮ፣ ሙዚቃውን እንሰማው ነበር፤ ማንን እንደሚጠራ ግን አናውቅም ነበር። አንድ የታተመ ኖታ ከሺዎቹ ወንድሞቹ የሚለየው እንዲህ ነው።

ኮሊሽ ራሱ የምልክትን ነገር አጥብቆ ይዞት ነበር። በ1943 በቤትሆቨን ፍጥነት ላይ ረዥም ጥናት አሳተመ። ቤትሆቨን ሜትሮኖም የተባለው ፍጥነት መለኪያ ከወጣ በኋላ፣ በ1817፣ እስከዚያ ለታተሙት ኳርቴቶቹ ቁጥር ሰጥቶ ነበር። ተጫዋቾች ግን ቁጥሮቹ ከልክ በላይ ፈጣን ናቸው እያሉ ይተዉአቸው ነበር። ኮሊሽ ደራሲው የጻፈው ይከበር አለ፤ ቁጥር ያልተሰጣቸውን ክፍሎችም ከተመሳሳዮቻቸው ጋር እያነጻጸረ ፍጥነታቸውን ለማግኘት ሞከረ። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ጥናት ሊጽፍ የሚችለው ለብዙ ዓመት ክር ላይ ደጋን እየሳበ የተፈተነ ሰው ብቻ ነው።

ስብስቡ ከቪየና ይልቅ አሜሪካ የተገኘበት ምክንያት የዘመኑ መከራ ነው። ሾንበርግ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በርሊንን ለቆ ወጣ። በ1938 ኦስትሪያም በናዚዎች እጅ ወደቀች፤ ኮሊሽና ጓደኞቹም አሜሪካ ቀሩ። ባርቶክ በ1940 መጣ። ኳርቴቱ ተበተነ፤ ሌነር ቦስተን ሲምፎኒ ገባ፣ ኩነር ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ኮሊሽ ከ1944 ጀምሮ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የፕሮ አርቴ ኳርቴት መሪ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራ፤ ኋላም ቦስተን እያስተማረ በ1978 አረፈ። ወረቀቱም እንደ ሰዎቹ ተበታተነ። የባርቶክ አምስተኛ ኳርቴት የእጅ ጽሑፍ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሥራውን ገንዘብ ከፍላ ያስጻፈችው ኤልዛቤት ስፕራግ ኩሊጅ የቤተ መጻሕፍቱ በጎ አድራጊ ነበረችና። የሾንበርግ ወረቀቶች ሎስ አንጀለስ ከርመው በ1998 ወደ ቪየና ተመለሱ። አንድ ኳርቴትን ከሥሩ ማጥናት የሚሻ ሰው ስለዚህ ሁለትና ሦስት ከተማ ይዞራል።

ቤተ መዛግብት እንዲህ ያለ ስብስብ ሲረከብ መጀመሪያ የሚሠራው ወረቀቱን ከሚጎዳው ነገር መለየት ነው። የሚዝገው ስቴፕልና ክሊፕ ይነቀላል። ፕላስተር ደግሞ ጠላት ነው፤ ሙጫው ጊዜ ሲያልፍ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ያቆሽሻል። ከዚያ ኖታው አሲድ በሌለበት ማኅደርና ሳጥን ይገባል፤ ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለና ሙቀቱ የማይዋዥቅ ይሆናል። በየሳጥኑ ምን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ይዘጋጃል፤ አንባቢ የሚፈልገውን ሳጥን የሚጠይቀው ከዚህ ዝርዝር ቁጥሩን አይቶ ነው። ቦርሳና እስክሪብቶ ውጭ ይቀራሉ። ማስታወሻ የሚያዘው በእርሳስ ብቻ ነው፤ የቀለም ጠብታ አይፋቅማ።

ሙዚቃውን ማንበብ ሁሉም አይችልም፤ መስማት ግን ይቻላል። በ1936 መጨረሻና በ1937 መጀመሪያ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው አልፍሬድ ኒውማን፣ እሱም የሾንበርግ ተማሪ የነበረ፣ ሆሊውድ ውስጥ አንድ የፊልም ስቱዲዮ አመቻችቶላቸው የኮሊሽ ኳርቴት የሾንበርግን አራት ኳርቴቶች በሙሉ ቀረጸ። ዲስኮቹ ለገበያ አልወጡም ነበር፤ ጥቂት ቅጂ ብቻ ታትሞ ለወዳጆች ተሰጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሲዲ ተዛውረው ማንም ሊሰማቸው ቻለ። የሾንበርግ ስኮር ያለው ሰው እሱን ከፍቶ ይህን ቅጂ ቢያዳምጥ፣ ደጋኑ የት እንደሚዞርና አራቱ አንድ ላይ የት እንደሚተነፍሱ በጆሮው ይከታተላል። ከሙዚቃው ሌላም የሰዎቹ ድምፅ በዚያው ተቀርጿል፤ ሾንበርግ ራሱ ይናገራል።