ተጨማሪ መረጃ፦ የውሻን ኩላሊት በረቂቅ ድምፅ ስለ መመርመር

በዳባትና በደባርቅ ደጋ መንጋውን ከጅብና ከቀበሮ ሲጠብቅ የቆሰለ ውሻ፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ጄንታማይሲን ሲወጋ፣ ያው ፈዋሽ የሆነው መድኃኒት፣ መጠኑ ሲበዛ፣ ቀኑ ሲረዝም ወይም የእንስሳው ሰውነት ውኃ ሲያጥረው፣ በኩላሊት ቧንቧዎች ሕዋሳት ውስጥ እየተጠራቀመ ሕዋሳቱን ይገድላቸዋል። ባለቤቱ በርኅራኄ ከራሱ የሕመም ማስታገሻ ቀንሶ የሚሰጠው አይቡፕሮፌንም ወደ ኩላሊት የሚወርደውን ደም ስለሚቀንስ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል።

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር ፈጣሪ መሆኑን መጻሕፍት ይናገራሉ፤ ሐኪሙ ግን ይህን ጉዳት ሲፈልግ የሥጋውን ኩላሊት፣ ያውም በጥላው ብቻ ያያል። አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ሥጋ ልኮ፣ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰውን በብርሃንና በጨለማ ይሥለዋል። የጤነኛ ውሻ ኩላሊት ውጫዊ ክፍል ከጣፊያው ይልቅ ይጠቁራል፣ ከጉበቱም ጋር ይመሳሰላል ወይም ጥቂት ይጠቁራል፤ በመድኃኒት የተመረዘው ግን ብዙ ጊዜ ከጉበቱ ነጥቶ፣ አንዳንዴም አብጦ ይታያል።

ሆኖም ምስሉ ደኅና መስሎ ኩላሊቱ የታመመ ሊሆን ይችላል፤ ንጣቱም የሌላ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሽንትና ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ክሬያቲኒን የተባለ ቆሻሻ አብረው ይመረመራሉ። ክሬያቲኒንም ቢሆን ከኩላሊት ሥራ 75 በመቶ ያህሉ እስኪጠፋ ከፍ ሳይል ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ ሁሉ፣ መሣሪያውን ከማንሣታችሁ አስቀድሞ ውሻው ምን መድኃኒት፣ ስንት ቀን እንደ ወሰደ ባለቤቱን ጠይቁ።