ጨዉ ይቀድማል

ደብረ ታቦርም ሆነ ጋይንት፣ ስማዳም ሆነ እስቴ፣ አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ምን ወለደች?» ነው። የእልልታው ቁጥር በዚያ ይወሰናል፤ ክርስትናው በ40 ይሁን በ80 ቀንም እንዲሁ። ስለዚህ የሕፃኑ ብልት ወንድ ወይም ሴት ለማለት ሲያስቸግር ቤተሰቡ ይሸማቀቃል፤ «ሲያድግ ይለያል» ብሎ ይደብቃል። ከእነዚህ ሕፃናት ግን 40ውን የማያዩ አሉ።

በብዛት የሚገኘው ምክንያት ኮንጄኒታል አድሬናል ሃይፐርፕላዝያ ይባላል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶልንና ጨው የሚይዘውን ሆርሞን በበቂ ማምረት ሲያቅታቸው የወንድ ሆርሞን ያበዛሉ። ማህፀን ያላት ልጅ ውጪው የወንድ መስሎ ትወለዳለች። መልኩ አይገድልም፤ የሚገድለው ጨዉ ነው። በብዙዎቹ ላይ በ2ኛው ሳምንት ገደማ ጨዉ በሽንት ያልቃል፣ ፖታሲየም ይከማቻል፤ ሕፃኑ ያስመልሰዋል፣ ጡት ይተዋል፣ ይፈዛል። ቤት ውስጥ «ቡዳ» ይባላል፤ ጤና ጣቢያ ደግሞ ኢንፌክሽን ይመስላል። ወንዶቹማ ይብስባቸዋል፤ ብልታቸው ላይ የሚያጠራጥር ነገር ስለማይታይ ማን ያስብላቸዋል?

በጊዜ ከተደረሰበት ሳላይን፣ ግሉኮስና ሃይድሮኮርቲሶን ያድኑታል። ከዚያ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። ፍሉድሮኮርቲሶን የሚባለው ክኒን እንደ ፓራሲታሞል በየፋርማሲው አይገኝም፤ ሳያልቅ ፈልጉ።

በ8ኛው ቀን ገራዥ አትጥሩ። የሽንቱ ቀዳዳ ከሥር የሆነ ወንድ ልጅ ሲጠገን ገራዡ የሚቆርጠው ቆዳ ያስፈልጋል። ሴትን መግረዝማ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ያስቀጣል።

ጨዉ ሳያልቅበት፣ ሳይታወቅ ያደገም አለ። ወንድ ተብሎ ያደገ፣ ድምፁ ያለዕድሜው የጎረነነ፣ ቁመቱ ቶሎ የቆመ ልጅ ጉርምስናው ላይ ሽንቱ በየወሩ ደም ይቀላቅላል። ኩላሊት ሲታከም ይከርምና አልትራሳውንድ ማህፀን ያሳያል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ሆርሞንም ሆነ ቀዶ ሕክምና ልጁ ሳይጠየቅ የሚወሰን አይደለም። ቀድሞ ፈረንጆቹም በሕፃንነት ቆርጠው፣ ለልጁ ሳይናገሩ ያሳድጉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሐኪሞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ግልጽነትንና በቀዶ ሕክምና አለመቸኮልን መከረ።

ፌስቡክ ላይ ይህንን ከትራንስጀንደር ወጣቶች ሕክምና ጋር ሲቀላቅሉት አያለሁ። ያኛው ሰውነቱ የለየለት፣ ስሜቱ ግን ከሰውነቱ ጋር ያልተስማማ ወጣት ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የብሪታንያው የካስ ሪፖርት ስለ ሆርሞን ሕክምናው ያለውን ማስረጃ ደካማ ብሎታል፤ የሚቃወሙት ሐኪሞችም አሉ። ክርክሩ ይቀጥል፤ ለማንኛቸውም ቢሆን ስድብ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

ክርስትናው በ40 ይሁን በ80 ካልለየላችሁ ለንስሐ አባታችሁ በግል ንገሩ፤ ሞት የሚያሰጋው ሕፃን ቀኑ ሳይሞላም ይጠመቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ከተባላችሁ መንገዱ በወረታ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሶዲየምና የፖታሲየም ውጤት ከሪፈር ወረቀቱ ጋር መያያዙን እዩ፤ ግሉኮሱም ከሕፃኑ እጅ ሳይነቀል ይሂድ።