የሳብዉፈር ሳጥን፦ አየር እንደ ሞላ ሲሠራ

በመርካቶ ዱባይ ተራ 12 ኢንች ሳብዉፈር ለመግዛት የገባ ወጣት በቅድሚያ ድምፁን መስማት ይፈልጋል። ባለሱቁ ባዶውን ስፒከር ከአምፕሊፋየር ጋር ቢያገናኝለት፣ ኮኑ ሲርገበገብ ይታያል እንጂ ደረት የሚመታው ወፍራም ድምፅ አይሰማም። ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆን? አይደለም፤ የጎደለው ሳጥኑ ነው።

ድምፅ ድምፅን ሲያጠፋ

ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን ያሳሳል። የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ነው። ኮኑ ከዚህ አንጻር እጅግ ትንሽ በመሆኑ የታመቀው አየር ጠርዙን ዞሮ ወደ ሳሳው ያልፋል፤ ሁለቱ ሞገዶችም እርስ በርስ ይጣፋሉ። የሳጥኑ የመጀመሪያ ተግባር የኋላውን ሞገድ አፍኖ ማስቀረት ነው።

የታፈነው አየር

የብስክሌት ጎማ መንፊያን ጫፍ በጣት ደፍኖ እጀታውን የተጫነ ሰው አየሩ መልሶ ሲገፋው ይሰማዋል። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንኑ ባሕርይ ለስፒከር አዋለው። ኮኑን በለስላሳ እገዳ ይዞ፣ ወደ ቦታው የመመለሱን ሥራ በአብዛኛው ለታፈነው አየር ተወለት። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ይህ የአየር ሞላ ይጠነክራል፤ የስፒከሩ የተፈጥሮ ድግግሞሽም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የሞላው ጥንካሬ ከአየር ግፊት ጋር ይመጣጠናል። በከተማችን ከፍታ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በነፃነት 30 ኸርዝ ላይ የሚርገበገብና የእገዳው ልስላሴ ከ60 ሊትር አየር ጋር የሚስተካከል ስፒከር፣ በ20 ሊትር ሳጥን ውስጥ በባሕር ወለል 60 ኸርዝ ሲሆን እዚህ ወደ 54 ኸርዝ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በባሕር ወለል ግፊት ተሰልቶ 20 ሊትር የተባለ ሳጥን እዚህ 15 ሊትር ቢሆን ተመሳሳይ ሞላ ይሰጣል።

አሠራሩና አስተሻሸጉ

የ12 ኢንች ኮን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ሩብ ሊትር ያህል አየር ይጨምቃል። ሳጥኑ 20 ሊትር ከሆነ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ገጽ የ12 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ያርፍበታል። ይህ ግፊትና ስበት በየሴኮንዱ በአሥሮች ለሚቆጠር ጊዜ ስለሚደጋገም ስስ ኮምፔንሳቶ ራሱ ይንቀጠቀጣል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይመረጣል፤ በውስጥም አግድም ድጋፍ ቢገባበት መልካም ነው።

መጋጠሚያው ሁሉ ኮላ ይቀባል፤ ብሎን የሚያገለግለው ኮላው እስኪደርቅ አጥብቆ ለመያዝ ነው። የውስጥ ማዕዘኖችና የሽቦው ቀዳዳ በሲሊኮን ይደፈናሉ። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን እንፋሎቱ ብረት ስለሚጎዳ፣ ስፒከሩ ከመታሰሩ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። በስፒከሩ ጠርዝ ሥር ስስ የስፖንጅ ጥብጣብ ይነጠፋል።

በመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ እየተጫወተ የዕጣን ጢስ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ይዙር። ጢሱ የተንቀጠቀጠበት ቦታ አየር ያስወጣል። በዚያች ስንጥቅ ሞላው ይላላል፣ ፉጨት ይሰማል፣ ኮኑም ከልኩ አልፎ ሊጎዳ ይችላል። ውድ ስፒከር ገዝቶ በሳጥኑ የሰነፈ ሰው የገዛውን ድምፅ በስንጥቅ ያፈሰዋል።