ኢንተርኔቱ ሲቋረጥም የሚዘልቅ ትምህርት፦ ዮጋን በካርቱም መጀመር

ዮጋ ከጥንታዊት ሕንድ የመነጨ፣ አካልን፣ እስትንፋስንና ሐሳብን በአንድነት የሚያሠለጥን ሥርዓት ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ጀማሪዎች የሚተዋወቁት መምህር ፊት ቀርበው ሳይሆን በስልካቸው አማካይነት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ካርቱምን ያህል ከባድ ፈተና የሚሆን ከተማ ማግኘት ያዳግታል። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት በዚህ ከተማ ኢንተርኔት በተደጋጋሚ ተቋርጧል፤ በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የጀመረው ጦርነት ደግሞ ነዋሪውን በየአቅጣጫው በትኖታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከኢንተርኔት የተቀሰመ ትምህርት ዋጋ የሚኖረው፣ ተማሪው ጥቂት መሠረታዊ ነገሮችን በሚገባ ተምሮ መስመሩ ሲጠፋም ብቻውን ሊሠራቸው ሲችል ነው።

ያለ መምህር የመማር ጥያቄ በኢንተርኔት ዘመን የተፈጠረ አይደለም። በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ዮጋ ሱትራ የተባለው ጥንታዊ ድርሰት ትምህርቱን በስምንት ክፍሎች ይከፍለዋል፤ ከእነዚህም አሳና የሚባለው የአካል አቀማመጥና ፕራናያማ የሚባለው የእስትንፋስ ሥልጠና ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ስለ ሥነ ምግባር፣ ራስን ስለ መግዛትና ሐሳብን ስለ ማሰባሰብ የሚያስተምሩ ናቸው። በአካል እንቅስቃሴ ላይ ያተኮረው የዛሬው ዮጋ ግን መልኩን የያዘው በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ የነበሩት ቲ. ክሪሽናማቻርያ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የሆኑት ቢ.ኬ.ኤስ. አይንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ላይት ኦን ዮጋ የተባለውን፣ በ600 ያህል ፎቶግራፎች የተደገፈውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ መምህር በአቅራቢያው የሌለው ሰው ከገጽ ላይ አይቶ የሚማርበትን በር ከፈቱ። እኚሁ ሰው የተማሪዎቻቸውን አቋም በእጃቸው እየነኩ በማረም የታወቁ መሆናቸው መጽሐፉ ብቻውን ምን ሊሰጥ እንደማይችል ያስገነዝባል። አሜሪካዊቷ አድሪን ሚሽለር እ.ኤ.አ. በ2012 በዩቲዩብ ማስተማር የጀመረችውና በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በሚሊዮኖች የተስፋፋው የቪዲዮ ትምህርትም የወረሰው ይህንኑ ዕድልና ይህንኑ ጉድለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባ አንድ ነገር አለ። ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ በአዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤ ሲሆን፣ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ላይ ነው። ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁን 21 ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኖ ነበር።

ዮጋ ሥሩ ከሕንድ ሃይማኖታዊ ትውፊት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ በአክብሮት መታየት አለበት። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ዝማሬንና አምልኮን የተቀላቀለ ዮጋ ለሙስሊሞች የተከለከለ መሆኑን ሲገልጽ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ፈቅዳለች። በኢንተርኔት የሚማር ሰው በዚህ ረገድ ሰፊ ምርጫ አለው፤ በአቋምና በእስትንፋስ ብቻ የተወሰነ ትምህርት መርጦ ሃይማኖታዊ ይዘት ያለውን ሊተው ይችላልና።

በካርቱም በቤት ውስጥ መማር ለሴቶች የነበረውን ትርጉም ለመረዳት የከተማዪቱን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጋዜጠኛዋ ሉብና አል ሑሴን እ.ኤ.አ. በ2009 በካርቱም ሱሪ ለብሳ በመገኘቷ ተከስሳ የገንዘብ ቅጣት ተፈርዶባታል፤ የሴቶችን አለባበስና መሰባሰብ ይቆጣጠር የነበረው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግም የተሻረው በኖቬምበር 2019 ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከስልክ ላይ መማር ሴቶች ያለ ሥጋት ሰውነታቸውን ሊያንቀሳቅሱ የሚችሉበት መንገድ ነበር። በዴም ሰፈርና በሌሎችም የከተማዋ ክፍሎች ለኖሩት፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ወይም ጎንበስ ብለው በሰው ቤትና በምግብ ቤት ለሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ሴቶችም ቢሆን ወገብን የሚያላቅቅ እንቅስቃሴ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ በኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በጁን 2019 በካርቱም ተቃዋሚዎች ከተገደሉ በኋላ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋርጧል፤ በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ከተካሄደ በኋላ ለሳምንታት ተዘግቷል፤ በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በጦርነቱ መካከል አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከመስመር ውጭ ሆኗል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ስፍራ ነዋሪ የሚበጀው በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ ማሳደድ ሳይሆን፣ ኔትወርክ ሲገኝ ሁለት ወይም ሦስት የጀማሪ ትምህርቶችን ወደ ስልኩ ማውረድ፣ የአቋሞቹን ቅደም ተከተልም በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። አስተማሪ ሲመረጥም የተከታዩ ብዛትና የአካሉ መተጣጠፍ መመዘኛ አይሆኑም። ዮጋ አሊያንስ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ለመምህራን የ200 ሰዓት ሥልጠናን እንደ መነሻ ይወስዳል፤ ይህ ግን የምዝገባ መስፈርት እንጂ የመንግሥት ፈቃድ ስላልሆነ ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። መልካም አስተማሪ የሚታወቀው ጉልበቱን ለሚያመው፣ ወገቡ ለማይታጠፍለት ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው በዚያው ትምህርት ውስጥ በመናገሩ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ከእስትንፋስ ቢጀምር ይመረጣል። ተማሪው ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጥና በአፍንጫው አየር እየሳበ፣ የሚያስወጣበትን ጊዜ ከሚያስገባበት ጥቂት ያስረዝማል፤ ቀስ ብሎ መተንፈስ የልብን ምት ረገብ ስለሚያደርግ ሰውነቱ ለእንቅስቃሴ ይዘጋጃል። ቀጥሎ የድመትና የላም አቋም የሚባለው ይመጣል፤ መዳፎች ከትከሻ በታች፣ ጉልበቶችም ከዳሌ በታች ሆነው መሬት ይይዛሉ፤ አየር ሲገባ ደረት ወደ ፊት ይከፈታል፣ ሲወጣ ደግሞ ጀርባ ወደ ላይ ይጎብጣል። እዚህ ላይ እንቅስቃሴው እስትንፋሱን መከተል አለበት፤ ትንፋሽ ከተያዘ ወይም ከተቆራረጠ ሰውነቱ ከአቅሙ በላይ እየተጠየቀ መሆኑን ያመለክታል። መምህር በሌለበት ተማሪው ሊተማመንበት የሚችለው አስተማማኝ ምልክት ይህ ነው።

ጀማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት ወደ ታች የሚመለከት ውሻ በሚባለው አቋም ነው። በዚህ አቋም እጆችና እግሮች መሬት ላይ ሆነው ዳሌ ወደ ላይ ይነሳል። በቪዲዮው ላይ የአስተማሪው እግር ቀጥ ብሎ ተረከዙም መሬት ነክቶ ስለሚታይ፣ ጀማሪው ያንኑ ለመምሰል ጉልበቱን ሲገትር ጀርባው ይጎብጣል፣ የሰውነቱም ክብደት በእጅ አንጓው ላይ ይወድቃል። መደረግ ያለበት ጉልበትን በደንብ ማጠፍ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ክፍል መሬት ላይ መጫን፣ ከዚያም ዳሌን ወደ ኋላና ወደ ላይ እየገፉ ጀርባን ማርዘም ነው፤ ተረከዝ መሬት ባይነካ ምንም አይጎድልም። በዚህ ላይ ከስልክ የሚመጣ ሌላ ጉዳት ይጨመራል፤ ተማሪው ቁልቁል ተደፍቶ ሳለ ስክሪኑን ለማየት ቀና ሲል አንገቱን ይጠመዝዛል። ስለዚህ ትምህርቱን አስቀድሞ ተቀምጦ መመልከት፣ ሲሠራ ግን ስልኩን ወደ ጎን አድርጎ ድምፁን ብቻ መከተል ያስፈልጋል። እጅ አንጓው የሚያመው ሰው ደግሞ መዳፎቹን ግድግዳ ላይ አሳርፎ ያንኑ የጀርባ መዘርጋት ሊያገኝ ይችላል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። በሴራሚክ ወለል ላይ ሰሌን ስለሚንሸራተት እግርና እጅ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይሻላል፤ ከሌለም በባዶ ወለል ላይ በባዶ እግር መሥራት ይቻላል። በካርቱም ሙቀት ልምምዱ ፀሐይ ሳትወጣ ማለቅ ይኖርበታል፤ ሙቀቱ ጡንቻን ስለሚያላላ ሰውየው ከአቅሙ በላይ መዘርጋቱ ሳይታወቀው ሊጎዳ ይችላል። ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ጭንቅላት የሚዘቀዘቅባቸውን አቋሞች መተው አለበት፤ ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር። በጭንቅላት መቆም ለማንኛውም ጀማሪ ከስክሪን የሚማሩት ነገር አይደለም።

የጤና ጥቅሙን በተመለከተ ከመጠን ያለፈ ተስፋ መስጠት ባይገባም ማስረጃ አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ዮጋን ጠቅሷል። ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ ወይም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለተሰደዱት ደግሞ ይበልጥ የሚመለከታቸው በ2014 የታተመው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ከአስከፊ መከራ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት የሚሠቃዩና በሌላ ሕክምና ያልዳኑ 64 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ ለ10 ሳምንታት ዮጋ ከሠሩት መካከል ግማሽ ያህሉ የሕመሙን መመዘኛ ማሟላት ሲያቆሙ፣ ዮጋ ባልሠራው ቡድን ግን ይህ የታየው በአንድ አምስተኛው ገደማ ላይ ነው። ጥናቱ የተደረገው በሠለጠኑ መምህራን ፊት ስለሆነ ቪዲዮ ያንኑ ውጤት ያመጣል ማለት አይቻልም። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የተዘጋጀው አሠራር ግን በቤት ውስጥም ሊያገለግል ይችላል፤ ዓይንን መጨፈን ግዴታ አይደረግም፣ በሩ ከሚታይበት ቦታ ይሠራል፣ በመጨረሻ በጀርባ ተንጋሎ በጸጥታ መቆየት የሚያስጨንቀው ሰውም በምትኩ መቀመጥ ይችላል። ቪዲዮ ከመምህር የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ተማሪው ፍርሃት ሲመጣበት ማንንም ሳያስፈቅድ ያቆመዋል፣ በተመለሰ ጊዜም ካቆመበት ይቀጥላል።