ሸንኮራ አገዳ ለስኳር ብቻ አይደለም

ሸንኮራ አገዳ እንደ ጤፍና በቆሎ የሣር ዘር ነው። የሚተከለው ዐይን ባለው የአገዳ ቁራጭ ሲሆን፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ስኳሩ በብዛት የሚከማቸው ከግርጌው ነው። ስለዚህ ቆራጮች አፈር ታክከው እንዲቆርጡ አጥብቆ ይነገራቸዋል፤ አንድ ስንዝር ጉቶ ማሳ ላይ መተው ምርጡን ስኳር ጥሎ መሄድ ነው! የተቆረጠው አገዳ ከቆየ ስኳሩ ስለሚቀንስ ቶሎ መጨመቅ አለበት።

በ1946 ዓ.ም. ማምረት እንደጀመረው ወንጂ ባሉ ፋብሪካዎች የተጨመቀው ገለባ፣ ማለትም ባጋስ፣ ቦይለር ውስጥ ነድዶ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ለከብት መኖ ይውላል፤ ኢታኖልም ይወጣዋል። የማጣሪያው ዝቃጭ ወደ ማሳው ማዳበሪያ ሆኖ ይመለሳል።

መንገድ ዳር ሸንኮራ ስትገዙ የግርጌውን ቁራጭ ጠይቁ።