ሁለት ድልድይ፣ አንድ ቁልቁለት፦ በክረምት ውሽንፍር ወቅት ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ስለመቆየት

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ገለጻ ቀላል በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ክረምቱ ሲበረታ፣ ነፋሱና መብረቁ ሲያይል፣ ከኢንተርኔት ሳንቆራረጥ መቆየት የምንችለው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ በስፋት የሚነሣው ሃሪኬን ከሚባለው የባሕር ዐውሎ ነፋስ ጋር ተያይዞ ነው። እኛ ግን ወደ ደጀን፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ አምጥተን እንመርምረው።

በቅድሚያ አንድ ልዩነት ግልጽ መሆን አለበት። ሃሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር ገጽ ከሚተን ውኃ ነው፤ ወደ የብስ ሲገባ ምንጩ ስለሚቋረጥበት ይዳከማል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድን በመታ ጊዜ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልላችን ዘልቋል፤ የጎጃም ደጋ ግን ከእንዲህ ያለው ማዕበል መንገድ እጅግ የራቀ ነው። በእኛ ዘንድ ያለው ሌላ ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ዝናብ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠራቀም ነጎድጓድ፣ በረዶ የቀላቀለ ውሽንፍር፣ ከፍታን መርጦ የሚወርድ መብረቅ። ሃሪኬን በአንድ ሌሊት የሚያደርሰውን ጉዳት የእኛ ክረምት በሦስት ወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያደርሰዋል። ስለዚህ ከሃሪኬን የተገኘው ትምህርት ለእኛም ይሠራል።

ትምህርቱም ይህ ነው። ማሪያ የተባለችው ሃሪኬን መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ፖርቶ ሪኮን ስትመታ በደሴቲቱ ካሉት የሞባይል ጣቢያዎች ከመቶ ዘጠና አምስቱ አገልግሎት አቋርጠው ነበር። ጣቢያዎቹ ዝም ያሉት ግን ማማዎቻቸው ሁሉ ስለወደቁ አልነበረም። ብዙዎቹ ማማቸው እንደ ቆመ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦባቸዋል፣ ከዋናው መረብ ጋር የሚያገናኛቸው ገመድም ተበጥሷል። የደሴቲቱ መብራት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንግዲህ «ኔትወርክ ጠፋ» ስንል የጠፋው ብዙ ጊዜ ማማው አይደለም፤ ማማው የተንጠለጠለበት ክር ነው።

አሁን ወደ ደጀን እንመለስ። ደጀን በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መንገድ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይገባል። ከከተማ እስከ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የቀድሞውና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ። ድልድዮቹ ሁለት ቢሆኑም ወደ እነርሱ የሚያደርሰው ቁልቁለት ግን አንድ ነው። ቁልቁለቱ ከተናደ ሁለቱም ድልድዮች በአንድ ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ።

የዛሬው ገለጻ ዋና ሐሳብ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ። አንድን ዳገት የሚጋሩ ሁለት መስመሮች በዝናብ ፊት እንደ አንድ መስመር ይቆጠራሉ። በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ መስመር ከመቶ ቀናት በአንዱ ይቋረጣል እንበል። እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ሁለት መስመሮች ቢኖሩን፣ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚቋረጡበት ዕድል ከአሥር ሺህ አንድ ነው። ሁለቱም በአንድ ናዳ የሚወሰዱ ከሆነ ግን ዕድሉ እንደ ነበረው ከመቶ አንድ ይቀራል። ለሁለተኛው መስመር የወጣው ገንዘብ ከናዳው አላዳነንም ማለት ነው።

የዓባይ በረሃ ዳገት ለምን ይንሸራተታል? መልሱ በድንጋዩ አደራደር ላይ ነው። ከላይ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰምና ሼል የተፈራረቁበት ንብብር፣ ከሥር ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የክረምቱ ውኃ በባዛልቱ ስንጥቅ ሰርጎ ሲወርድ ልሙን ንብብር ያርሰዋል። የራሰው ንብብር የተሸከመውን ክብደት መያዝ ሲያቅተው ከላዩ ያለው አፈርና ድንጋይ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይጓዛል። በዚህ መንገድ ላይ አስፋልቱ ደጋግሞ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጃፓን ባለሙያዎችም ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የመሬት መንሸራተቱን ለዓመታት አጥንተዋል። የፋይበር ገመድ እንደ ልማዱ የመንገድን ዳር ተከትሎ በሚቀበርበት ሁሉ ደግሞ የመንገዱ ስንጥቅ የገመዱም ስጋት ይሆናል። በአንድ ሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዘውን ብርሃን ለማቋረጥ የመሬቱ የጥቂት ክንድ መንቀሳቀስ ይበቃል።

መንገዱ የሚሸከመው ገመድን ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሞባይል ጣቢያ በባትሪው የተወሰኑ ሰዓታት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል። ጄኔሬተር ነዳጅ ይሻል፤ ነዳጁ በቦቴ ይመጣል፤ ቦቴው ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ናዳ ገመዱን በጠዋት፣ ጄኔሬተሩን ከቀናት በኋላ ዝም ሊያሰኝ ይችላል። በክረምት ደመና የፀሐይ ኃይል ምርት ቢቀንስም፣ ለደመናማው ወር ታስቦ በተመጠነ ሰሌዳና በቂ ባትሪ የቆመ ጣቢያ ከዚህ ሰንሰለት ቢያንስ አንዱን ቀለበት ይፈታል።

ገመዱን ትተን በአየር እንሻገር ብንልስ? ይህ መልካም አማራጭ ነው። በረሃውን በመንገድ ለመሻገር አርባ ኪሎ ሜትር ቢያስፈልግም፣ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ቀጥታ ሲለካ ርቀቱ እጅግ ያንሳል፤ የማይክሮዌቭ ሞገድ ደግሞ ናዳ አያሰጋውም። ነገር ግን ዝናብ የራሱ ድርሻ አለው። የዝናብ ጠብታ ስፋቱ ከአንድ እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሞገዱ ርዝመት ወደ ጠብታው መጠን በቀረበ ቁጥር ጠብታው ሞገዱን ይበልጥ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። በ7 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ መስመር የሞገድ ርዝመቱ ከአራት ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ከባድ ዝናብን ብዙም ሳይጎዳ ያልፋል፤ በ80 ጊጋኸርትዝ የሚሠራው ግን ርዝመቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ በውሽንፍር ጊዜ በአጭር ርቀት እንኳ ይዳከማል። ፈጣኑ መስመር ብዙ ውሂብ ይሸከማል፤ ዝናብን የሚችለው ግን ዘገምተኛው ነው። ስለዚህ በረሃውን ለሚሻገር መጠባበቂያ ዝቅተኛው ሞገድ ይመረጣል። ሳተላይትም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ቀደም ሲል የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ያገናኝ የነበረው ወረዳኔት ወደ ሳተላይት ያዞረው ፊት ገደሉን ሁሉ ዘልሎ ያልፍ ነበር፤ ደመናውን ግን መዝለል አይችልም።

መብረቅን በተመለከተ ጥንቃቄው ከቴክኖሎጂ በፊት የሕይወት ጉዳይ ነው። ማማ በኮረብታ ላይ ስለሚተከል መብረቅን መቀበሉ አይቀርም፤ ጥያቄው የተቀበለውን የት ያደርሰዋል የሚለው ነው። በትክክል የተዘረጋ የኧርዝ መስመር ወደ መሬት ያወርደዋል፤ የኧርዝ መስመሩ የዛገ ወይም የተበጠሰ እንደሆነ ግን መብረቁ በኃይልና በመረጃ ሽቦዎች ገብቶ መሣሪያውን ያቃጥላል። በቤትም እንዲሁ ነው። ነጎድጓድ ሲቃረብ ሶኬት መንቀል ዋይፋይ ማከፋፈያውንም ኮምፒውተሩንም ያድናል። ነጎድጓዱ በቅርብ እየተሰማ ሶኬትና ሽቦ መነካካት ግን አደገኛ ስለሆነ ሥራው ቀደም ብሎ መፈጸም አለበት።

ከደጀን ወደ ሰሜን ስንሻገር ምድሩ ራሱ መፍትሔ ይጠቁመናል። መንገዱ ደጀን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ አድርገው ሁለቱም ባሕር ዳር ይደርሳሉ። የመረብ ባለሙያዎች ይህን ቅርጽ ቀለበት ይሉታል። በቀለበት ላይ አንድ ቦታ ቢበጠስ መልእክቱ ዞሮ በሌላው ጎን ይደርሳል። በሁለቱም ክንፎች መስመር ተዘርግቶ ባሕር ዳር ላይ ሲጋጠም የቢቸና ሆስፒታል በደጀን በኩል ቢዘጋበት በሞጣ በኩል ይናገራል። ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ በደብረ ታቦርና በወልድያ የሚወጣው አቅጣጫ ሲጨመር ደግሞ የዓባይ በረሃ ብቸኛው መውጫ መሆኑ ይቀራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን እውነት ነው፤ ሆኖም ድሩ ሁሉ በአንድ ችካል የታሰረ እንደሆነ አንበሳው ችካሉን ነቅሎ ይሄዳል።

እስካሁን ያነሣነው የተቋማት ድርሻ ነው። የተጠቃሚው ድርሻ ደግሞ ፍላጎቱን ክሩ ከሚሸከመው ጋር ማመጣጠን ነው። መስመር ሲጠብ ቪዲዮ አያልፍም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ያልፋል። ምክንያቱም መልእክቱ የሚጓዘው ስልኩ ከጣቢያው ጋር በሚነጋገርበት ቀጭን መስመር ነው፤ ተቀባዩ ባይገኝም በማዕከል ተቀምጦ ደጋግሞ ይሞከራል። እዚህ ላይ አማርኛ ጸሐፊን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፦ አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በጭንቅ ጊዜ ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያስፈልገው በ70 ፊደል መጻፍ መቻል የሚለመድ ሙያ ነው። በ*127# የሚከፈተው ቴሌብርም ያለ ሞባይል ዳታ የሚሠራው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ስልኩም በባትሪ የሚኖር ነው፤ ኔትወርክ ሲደክም ጣቢያውን ለማግኘት ኃይሉን ስለሚጨምር ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ መገናኘት የሚቻልባቸውን ሰዓታት ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ ወስኖ በቀረው ጊዜ ስልኩን ማጥፋት ሙሉ ቀን ከፍቶ ከመጠበቅ ይሻላል።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን በአንድ አብነት ላስረዳ። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። የተሰጠውም በሐምሌ፣ ማለትም ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ጤፍ ይዘራል፣ ጤና ጣቢያው የወባ መድኃኒት ይጠይቃል፣ ወላድ አምቡላንስ ትጠብቃለች። አገልግሎቶቻችንን ወደ በይነ መረብ ባሸጋገርን ቁጥር ከቁልቁለቱ ላይ የምናስቀምጠው ሸክም ይጨምራል። የፈተና ማዕከል ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በግቢው ሰርቨር ቢያስቀምጥ፣ ዩኒቨርሲቲም መጻሕፍቱንና የመማሪያ ሰነዶቹን በግቢው መረብ ውስጥ ቢያኖር፣ በረሃው ሲዘጋ ትምህርቱ አይዘጋም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ያ የአየር ጠባይ ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነበር፤ ቀለበትም ባትሪም አይፈታውም፤ መልሱ ያለው በሕግና በሰላም ዘንድ ነው። ሆኖም እነዚያ ወራት ክሩ ሲበጠስ ከሕይወታችን ምን ምን እንደሚቆም አሳይተውናል። የትኛው አገልግሎት ያለ መረብ አንድ ቀን፣ የትኛውስ አንድ ሳምንት እንደሚቆይ ከዚህ ልምድ መመዝገብ ለዚህ ፋኩልቲ ተመራማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው።

በማጠቃለያው ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ እተዋለሁ። በምትሠሩበት ወይም በምትማሩበት ተቋም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። መስመራችን ስንት ነው? መስመሮቹ የሚገናኙበት ቁልቁለት የት ነው? እርሱ ቢናድ በእጃችን ምን ይቀራል? አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፣ ጥያቄዎቹ መመለስ ያለባቸው ሰማዩ ሳይከብድ በበጋው ወራት ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።